«ሳምንቱ አላለቀም ወይ?» አባባን ማዕከል ያስገባናቸው እኛ ነን

የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ይላል፤ ታገሱን። የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው።

እኛ አውቶቡስ ተራ ተወልደን ያደግን ስድስት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችን እዚያው ሱቅ ውስጥ እንሠራለን፤ አንዱ ታክሲ ይነዳል፤ ሁለቱ ገና ተማሪዎች ናቸው። አውቶቡስ ተራን የሚያውቅ ሰው መናኸሪያው ከጧቱ 11 ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ገና ሳይነጋ የረዳቶቹ ጩኸት፣ የሻይና የፓስቲ ሽታ፣ ሻንጣና ፌስታል ይዞ የሚሯሯጥ መንገደኛ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ቆሞ ገመድ የሚወረውር ተሸካሚ። አሁን መስመሮቹ ለላምበረት፣ ለአስኮና ለቃሊቲ ስለተከፋፈሉ የድሮው ግፊያ ቀንሷል ይላሉ ትልልቆቹ። ለእኛ ግን አሁንም ያለዚያ ጩኸት የነጋ አይመስለንም።

አባባ ከእነዚያ ተሸካሚዎች አንዱ ነበሩ። ስማቸውን አንጽፍም፤ እሳቸውም አይፈልጉም። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖሩ። አላገቡም፤ ልጅ የላቸውም። ጉልበታቸው ሲከዳቸው የአንድ ሱቅ ዘበኛ ሆነው ከሱቁ ጀርባ በቆርቆሮ በተከለለች ክፍል መኖር ጀመሩ። ልጅ ሳለን ለሱብሂ የሚቀሰቅሱን እሳቸው ነበሩ። አዛን ከማለቱ በፊት በከዘራቸው የግቢያችንን ቆርቆሮ አጥር ይደበድቡታል። ከብርድ ልብሳችን ሥር ሆነን እንረግማቸው ነበር። አላህ ይቅር ይበለን።

አንድ ቀን ጧት አጥሩ ሳይደበደብ ቀረ። ስንሄድ ወድቀው አገኘናቸው። ሆስፒታል ወስደን «ስትሮክ ነው» ተባልን፤ ግራ ጎናቸው ሰነፈ። ከሆስፒታል ሲወጡ ተራ ገብተን ማስታመም ጀመርን። አንዱ ያበላል፣ አንዱ ያጥባል፣ አንዱ አጠገባቸው ያድራል። ሁለት ወር ያህል ቻልነው። ከዚያ ሥራው፣ ፈተናው፣ የየራሳችን ቤተሰብ ጣጣ መጣ። የሱቁ ባለቤትም ክፍሏን ለሌላ ዘበኛ ፈለጓት፤ እውነት ለመናገር እሳቸውም ከሚገባው በላይ ታግሰው ነበር። ሰው አስቸግረን ከከተማው ዳር ባለ አንድ የአረጋውያን ማዕከል ቦታ አገኘን።

ጥፋታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን መንገር አቃተን። «አባባ፣ ለሕክምና ነው፤ አንድ ሳምንት ብቻ» አልናቸው። ታክሲው ውስጥ አስገብተን፣ ማዕከሉ ደርሰን፣ ግንባራቸውን ስመን ወጣን። በማግስቱ ክፍሏን አጸዳናት። አሮጌ ነው ያልነውን ሁሉ ጣልነው፤ ሬዲዮናቸውን ለአንድ ልጅ ሰጠነው፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የጭነት ገመዳቸውን ቆሻሻ ጋሪ ላይ ጫንነው። ማታ ተሰብስበን ሻይ ስንጠጣ ከመካከላችን አንዱ «አልሐምዱሊላህ፣ አረፍን» አለ። ማንም አልተቃወመውም።

ለመጠየቅ የሄድነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለት ካርቶን ብስኩት፣ አንድ ካርቶን ሳሙናና ስልካችንን ይዘን። ክፍሉ ውስጥ ስምንት አልጋ አለ፤ ስምንቱም ላይ አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ። ከመካከላችን አንዱ ካርቶኑን ሲከፍት ሌላው ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። ማዶ ክፍል በር ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። የቀረጸው ልጅ እስከ ዛሬ ይህን ሲያነሳ አንገቱን ይደፋል። ቪዲዮው ጠፍቷል፤ ግን ሊለጠፍ ነበር፤ ርዕስ ሁሉ ወጥቶለት ነበር።

አባባ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ስንጠራቸው ቀስ ብለው ዞሩና አንድ በአንድ አዩን። «ሳምንቱ አላለቀም ወይ?» አሉ።

ምን ይመለሳል? ብስኩት አቀበልናቸው።

ትንሽ ቆይተው ሌላ ጥያቄ ጠየቁን። «ልጆቼ፣ ቂብላው በየት ነው?» እስቲ አስቡት። እኛን ለሱብሂ ሲቀሰቅሱ የኖሩ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ወዴት ዞረው እንደሚሰግዱ ሳያውቁ ኖረዋል። አውቶቡስ ተራ ቢሆኑ ሚናራው፣ የሱቁ በር፣ የክፍላቸው ግድግዳ ሁሉ ይነግራቸው ነበር። እዚህ መስኮቱ የሚያሳየው አጥር ብቻ ነው። አጠገባቸው የሚተኙት ሰባቱም ክርስቲያኖች ናቸው፤ ተንከባካቢዎቹም እንደዚያው። ቢጠየቁ ደስ ብሏቸው ይፈልጉላቸው ነበር፤ በኋላ አይተነዋል። ግን አባባ ሰው ማስቸገር አይወዱም። የተሸካሚ ኩራት ነው፤ ሰውን ሲሸከሙ ኖረው ራሳቸውን ማሸከም ይከብዳቸዋል።

ስልካችንን አውጥተን ለካን። ለነገሩ ስልክም አያስፈልግም ነበር። ከአዲስ አበባ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው ለጥቂት ነው። እንጦጦን ፊት ለፊት ያየ ሰው ብዙ አልሳተም። ከአልጋቸው ሥር ወለሉ ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ለጠፍንላቸው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው። ወለሉ በበረኪና በታጠበ ቁጥር ፕላስተሩ ይላጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስንሄድ ግን ጥርት ባለ አዲስ ፕላስተር ተተክቶ አገኘነው። የክፍሉ ተንከባካቢ እህት፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ልጅ፣ በራሷ ገንዘብ ገዝታ ነው። «አባባ ሲጠፋባቸው ይጨነቃሉ» አለችን። እኛ ሦስት ሳምንት የፈጀብንን እሷ በአንድ ቀን ተረድታዋለች።

ፕላስተሩ ከተለጠፈም በኋላ ግን አባባ አይሰግዱም ነበር። ምክንያቱን ለማውጣት ጊዜ ወሰደብን። ለዚህ ጽሑፍ ስናስፈቅዳቸው «ለሌላው ከጠቀመ ጻፉት» ስላሉን ነው የምናነሳው። ከበሽታው በኋላ ሽንታቸውን መቆጣጠር አይችሉም፤ ዳይፐር ይደረግላቸዋል። «እንዲህ ሆኜ አላህ ፊት እንዴት እቆማለሁ» ብለው ተዉት። የሰፈራችንን ኡስታዝ ጠየቅናቸው። በመጀመሪያ ተቆጡን፤ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አሉ። ከዚያ አብረውን መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ራሳቸው አስረዷቸው። ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው የሶላቱ ወቅት ሲገባ ይጸዳል፣ ንጹሕ ዳይፐር ያደርጋል፣ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃዱ የሚወጣው ሶላቱን አያበላሽበትም። ውሃ የሚጎዳው ተየሙም አለው። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተጋድሞ። ይህን ብዙዎቻችን ከመድረሳ እናውቀዋለን፤ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ሄዶ የሚነግር ግን የለም። ኡስታዙ ሲጨርሱ አባባ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። የዚያን ዕለት ዐስርን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሰገዱ።

ከዚያ በኋላ ዳይፐሩ የሚቀየርበት ሰዓት ጉዳይ መጣ። የማዕከሉ ሰዎች የሚቀይሩት በራሳቸው ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው ስላለባቸው አይፈረድባቸውም። የሶላት ሰዓቶችን በአማርኛ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። አሁን ቢያንስ የዙህርና የመግሪቡ ቅያሪ ከሰዓቱ ጋር ይገጥማል። አልጋቸው ሥር አንዲት ቢጫ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ተቀምጣለች፤ የእሳቸው ብቻ ናት። «የእሳቸው ብቻ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅነው እዚያ ነው። ኩባያው የጋራ፣ ብርድ ልብሱ የጋራ፣ ፎጣው የጋራ በሆነበት ቦታ የራስ የሆነች አንዲት ማንቆርቆሪያ ትልቅ ርስት ናት።

ያኔ ነው የጣልነው ዕቃ የቆጨን። ሬዲዮኑን ከልጁ ላይ ለምነን አስመለስነው። ከዘራው ሱቁ ጓዳ ተገኘ። ሽርጣቸውንና ሙስበሃቸውን ከአንዲት ጎረቤት ቤት አመጣን። ገመዱ ግን የለም። ሌላ ገዝተን እንውሰድላቸው ወይ ተባባልን፤ በኋላ ሲያስቡት ሞኝነት መሰለን፤ ተውነው።

ይህን ጉዳይ ማንበብ የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሌላው ዓለም ምን እንዳደረገ ለማየት። ሁለት ነገር ብቻ እናካፍላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 ኤለን ላንገር እና ጁዲት ሮዲን የተባሉ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኮኔቲከት ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሙከራ አደረጉ። የአንዱን ፎቅ ነዋሪዎች «የክፍላችሁን ዕቃ አቀማመጥ እናንተ ወስኑ፣ ፊልም የምታዩበትን ቀን እናንተ ምረጡ፣ ይህችንም ተክል ራሳችሁ ተንከባከቡ» አሏቸው። ለሌላው ፎቅም ተክል ሰጡ፤ ነገር ግን ውሃ የምታጠጣላችሁ ነርሷ ናት፣ ሁሉን እኛ እናደርግላችኋለን አሉ። ከ18 ወራት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ከመጀመሪያው ቡድን የሞቱት 15 ከመቶ፣ ከሁለተኛው 30 ከመቶ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ከመቶ ያነሱ ሰዎች ናቸው የተካተቱት፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ብያኔ አንወስደውም። ግን ስናነበው ራሳችንን አየን። እኛ ለአባባ ሁሉን አድርገናል። የወሰድናቸው እኛ፣ ያወጣናቸው እኛ፣ ዕቃቸውን የጣልነው እኛ። አንድም ነገር አልጠየቅናቸውም።

ሁለተኛው ከኢስታንቡል ነው። ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ 2ኛ ያሠሩት ዳሩልአጀዘ የሚባል የአቅመ ደካሞች መኖሪያ አለ፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። በግቢው ውስጥ መስጂድ፣ ቤተ ክርስቲያንና የአይሁድ ምኵራብ ተሠርተዋል። ያኔ ያሰቡት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል። ሰው ሲያረጅ ሁሉን ሊረሳ ይችላል፤ የልጆቹን ስም ሳይቀር። ጸሎቱን ግን አይረሳም፤ ምላሱ ይዞለት ይሄዳል። ያንን ማድረጊያ ቦታ ካጣ አልጋው የሆቴል አልጋ ይሆንበታል፤ ሆቴል ደግሞ ሰው ቤቱን የሚናፍቅበት ቦታ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ሁላችሁም መቄዶንያን ታውቃላችሁ። ቢኒያም በለጠ በቤተሰቦቹ ቤት ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ የጀመረው ሥራ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዟል፤ ሃይማኖትም ብሔርም አይጠይቅም። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክሩን የማያውቅ የለም። በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ ሕዝቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አዋጣ። መርካቶ ውስጥ ስልክ ይዞ ያልተከታተለ ሱቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። እኛም ልከናል። ያንን ስንልክ ግን አባባን ካየናቸው አንድ ወር አልፎን ነበር። ጣሪያና አልጋ በገንዘብ ይሠራል፤ መቼም ያለዚያ ምንም የለም፤ ማንም አያቃልለው። እሱ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው ግን በቴሌብር አይላክም።

ከሚቀረው አንዱን እንንገራችሁ። ስጋ።

ይህን የሚያውቀው የዚህ ሀገር ሰው ብቻ ነው። በበዓል ቀን ማዕከሉ ውስጥ በግ ይታረዳል፤ ለጋሾች ይመጣሉ፤ ክፍሉ ሁሉ በወጥ ሽታ ይሞላል። አባባ ሽሮ ይበላሉ። ተንከባካቢዎቹ «አባባ ስጋ አይወዱም» ብለው ይዘዋል፤ እሳቸውም አላረሟቸውም። አሁን ከሦስት ሳምንት አንዴ ከሙስሊም ልኳንዳ ስጋ ገዝተን፣ ከመካከላችን የአንዱ እናት ሠርታው፣ በምሳ ዕቃ እንወስዳለን። ከአራተኛው ክፍል ሌሎች ሁለት ሙስሊም አባቶች እንዳሉ ያወቅነውም በዚያው ሰበብ ነው። ሦስቱ እዚያው ግቢ እየኖሩ አይተዋወቁም ነበር። አሁን ጁሙዓ ጁሙዓ አንድ ላይ ተቀምጠው ቁርኣን በሬዲዮኑ ይሰማሉ። ሬዲዮኑ ራሱ ጠብ አስነስቷል። አጠገባቸው የሚተኙት ጡረተኛ ወታደር «ቀንሱልኝ» ይላሉ፤ አባባ ጆሯቸው ስለደከመ ይጨምራሉ፤ ወታደሩ በንዴት ፊታቸውን በብርድ ልብስ ይሸፍናሉ። ሲስተሯ አስታርቃቸው አሁን በሰዓት ተከፋፍለዋል፤ የቁርኣኑ ሰዓት የአባባ፣ የዜናው ሰዓት የወታደሩ። ያ ጠብ ሲነሳ እኛ ደነገጥን፤ ሲስተሯ ግን ደስ አላት። «ከተጣሉማ መኖር ጀመሩ ማለት ነው» አለች።

ሌላው ሥራ ነው። አባባ ሁሌ «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ይላሉ። ተሸካሚ ለነበረ ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። ዶሮ እናምጣላቸው ብለን ጠይቀን ነበር፤ ለንጽሕና ሲባል አይቻልም ተባልን፤ ልክ ናቸው። ኒውዮርክ ውስጥ ቢል ቶማስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1991 በሚሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ሁለት ውሻ፣ አራት ድመትና 100 ወፍ አስገብቶ ቤቱን እንደቀየረው አንብበን ተደፋፍረን ነበር። ውሻውን ተዉት፤ የእኛ አባቶች ከአልጋ ዘለው ይወርዱ ነበር። በመጨረሻ የተፈቀደልን በተቆረጠ ጀሪካን የተተከለ ጤና አዳም ነው። አባባ በቀኝ እጃቸው ያጠጡታል። ማዕከሉ ውስጥ ቡና ሲፈላ ተንከባካቢዋ መጥታ «አባባ፣ ጤና አዳም ይስጡኝ» ትላለች። ቆጥረው፣ ቀንበጡን መርጠው ይሰጧታል። አንድ ቀን ሳትጠይቅ ብትቆርጥ ተቆጧት። ይቅርታ ጠየቀች። ባለቤት መሆናቸውን ያየነው ያን ቀን ነው።

በረመዳን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሐኪሙ መጾም ከልክሏቸዋል። ኡስታዙም በማይድን ሕመም ወይም በእርጅና መጾም ላልቻለ ሰው ፊድያ እንዳለ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን እንደሚመገብ ነገሯቸው። አቅም ለሌለው እንደማይከብድም ጨመሩ። እኛ «እንከፍልልዎታለን» አልን። እሺ አላሉም። ሬዲዮናቸው ውስጥ፣ የባትሪ ክዳኑ ሥር፣ የተጣጠፈ ገንዘብ ነበራቸው፤ አስበነውም አናውቅም። «በዚህ ተምር ግዙልኝ» አሉ። ከሲዳሞ ተራ ገዝተን ወሰድንላቸው። በመግሪብ ሰዓት በዊልቸር እየተገፉ በየክፍሉ ለሚስኪኑ ሁሉ በእጃቸው አደሉ። ከሚያድሉላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ለጡረተኛው ወታደርም ሰጡ። ኡስታዙን ፊድያው ተቆጠረ ወይ ብለን በኋላ ስንጠይቃቸው ረዘም ያለ መልስ ሰጥተውናል፤ እዚህ አንገባበትም፤ የየራሳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ። እኛ የምንነግራችሁ ፊታቸውን ነው። ሲሰጡ የነበራቸውን ፊት ከወደቁበት ቀን ወዲህ አይተነው አናውቅም።

በኔዘርላንድስ ዴቬንተር በምትባል ከተማ ሁማኒታስ የተባለ የአረጋውያን መኖሪያ ተማሪዎችን ያለ ኪራይ ያኖራል። ተማሪዎቹ በምላሹ በወር 30 ሰዓት ከአረጋውያኑ ጋር ያሳልፋሉ፤ እንደ ጥሩ ጎረቤት። ይህን ስናነብ ሳቅን። ጎረቤትነትን በሰዓት ቆጥረው ሠሩት ብለን። ከዚያ የራሳችንን ሰዓት ቆጠርን። ስድስታችን ተደምረን በመጀመሪያው ሦስት ወር ከአባባ ጋር ያሳለፍነው 9 ሰዓት አይሞላም። ሳቁ ጠፋ። አሁን ተራ አውጥተናል፤ በሳምንት ሁለት ሰው፣ እሑድና ረቡዕ። አንዳንዴ ይሰበራል፤ አንዋሻችሁም። ግን የማይመጣ ሰው ደውሎ ለአባባ ራሱ ይነግራቸዋል፤ በሌላ ሰው አይልክም። ይህን ሕግ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ሰዎች «ወላጅን ማዕከል ማስገባት በእስልምና ነውር ነው» ይሉናል። በሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አያ ለወላጅ «ኡፍ» እንኳ ማለት እንደተከለከለ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ያለው ሰው ይህን ይዞ ራሱን ይፈትሽ። ግን ልጅ የሌላቸውስ? አውቶቡስ ተራ ሲሸከሙ፣ ሲላላኩ፣ ሲጠብቁ ያረጁ፣ ሰፈራቸው ፈርሶ ጎረቤታቸው ኮንዶሚኒየም የተበተነባቸው ስንት አባቶችና እናቶች አሉ? ማዕከሉ ለእነሱ ነውር አይደለም፤ ራሕመት ነው። ነውሩ የእኛው ነው፤ አስገብቶ መርሳት። በየመስጂዱ ጀመዓ ስማቸው የሚታወቅ ግን የት እንደገቡ የማይታወቅ ሽማግሌዎች አሉ። ለሱብሂ የፊተኛው ሰፍ ላይ ይሰግዱ የነበሩ፣ አንድ ቀን ቦታቸው ባዶ የሆነ፣ «አላህ ያሽራቸው» ብለን ያለፍናቸው። ስም ዝርዝር ብትይዙ ክፋት የለውም።

እንግዲህ መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከማዕከሉ ፈቃድ ጠይቁ፣ ያወጡትን ሰዓት አክብሩ። ሃያ ሆናችሁ አትሂዱ፤ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ግን ተመላለሱ። ስልካችሁ ኪሳችሁ ይሁን። ካርቶን ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደጎደለ ጠይቁ፤ እኛ ብስኩት ስንወስድ የጎደለው የአዋቂ ዳይፐር ነበር። ክርስቲያን እናትና አባቶችንም አትለፏቸው፤ የአባባን ፕላስተር የለጠፈችውን ልጅ አስታውሱ። የሚጾሙበትን ቀን እወቁ፤ በፍልሰታ ወተት ይዛችሁ አትሂዱ፤ እኛ ሄደን አፍረናል።

እውነቱን ለአባባ የነገርናቸው ከአራት ወር በኋላ ነው። አንድ እሑድ ስድስታችንም ሄድን። ከመካከላችን ታላቁ እየተንተባተበ «አባባ፣ ያኔ አንድ ሳምንት ስንልዎ ዋሽተን ነው፤ አውፍ ይበሉን» አለ። ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ «ያን ቀን ነው ያወቅሁት» አሉ። እንዴት? «ዕድሜዬን ሙሉ የመንገደኛ ሻንጣ ተሸክሜያለሁ። ለሳምንት የሚሄድ ሰው ቅያሪ ልብስ ይይዛል። እናንተ ምንም አልያዛችሁልኝም።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አውፍ ብያለሁ፤ ግን ያኔ ብትነግሩኝ ሬዲዮኔን እይዝ ነበር» አሉ። ስለ ገመዱ አልጠየቁም። እኛም አልነገርናቸውም።

ባለፈው ወር በማዕከሉ ፈቃድ ለግማሽ ቀን አውቶቡስ ተራ አመጣናቸው። በጓደኛችን ታክሲ፣ ዊልቸሩን ኋላ ጭነን። መናኸሪያው በር ላይ ሲደርሱ መስኮቱን አስከፈቱና ጆሯቸውን ሰጡ። «ጅማ ጅማ» የሚለውን ረዳት ሰምተው «ይሄ ገና ልጅ ነው፤ ጉሮሮውን ይጨርሳል» አሉ። የድሮ ጓደኛቸው፣ እሱም ሽማግሌ፣ መጥቶ እጃቸውን ሳመ፤ ተሳሳሙ። ሻይ ጠጡ። ፖርቶ መጋላ ላይ ሸራ የሚያስር አንድ ጎረምሳ አይተው ቋጠሮው እንደማይረባ፣ ዝናብ እንደሚያስገባ ጮኸው ነገሩት። ልጁ ማን እንደሆኑ ባያውቅም ፈትቶ እንደገና አሰረው።

ዐስር ላይ ደከማቸው። «ወደ ቤት እንሂድ» አሉ። የትኛውን ቤት እንደሆነ አልገባንም፤ ደፍሮ የጠየቀም የለም። ታክሲው ወደ ከተማው ዳር ሲታጠፍ ዝም አሉ፤ ጥቂት ቆይቶ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቀጣዩን ጉዞ ከዒዱ በኋላ አስበነዋል፤ ኢንሻአላህ ሁለቱን የአራተኛው ክፍል አባቶችም እንጨምራለን። የዊልቸሩ የፊት ጎማ የአውቶቡስ ተራን ድንጋይ አልቻለውም፤ ተሰንጥቋል። ጎማ ተራ ያላችሁ ልጆች፣ በልኩ የሚሆን ካገኛችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን።